ሂስቶሪያኑን ወደ ክላውድ ከማውጣትሽ በፊት ሰዓቶቹን አመሳክሪ

ደብረ ብርሃን ካለ አንድ ፋብሪካ የምትሠራ የኢንስትሩመንቴሽን መሐንዲስ እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፋብሪካችን 4 ሺህ ያህል ታግ (የአንድ ሴንሰር ወይም መሣሪያ ንባብ) የሚመዘግብ ሂስቶሪያን (የማሽኖቹን ንባብ ከነሰዓቱ የሚያከማች ዳታቤዝ) አለው። የሙቀት፣ የግፊት፣ የፍሰት፣ የሞተር አምፒር፣ ሁሉም እዚያ ነው። የ7 ዓመት መረጃ ይዟል። ሰርቨሩ ግን አርጅቷል፤ ዲስኩም ድምፅ ማሰማት ጀምሯል። አለቆቼ በ3 ወር ውስጥ ሁሉንም ወደ ክላውድ አውጪና ሰርቨሩን ዝጊ ብለውኛል። ከየት ልጀምር? በ3 ወር ያልቃል ብዬስ ቃል ልግባ?»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞሻል?

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ዲስኩ ድምፅ እያሰማ ስለ ክላውድ ማቀድ አይቻልም። ዛሬውኑ ሙሉ ዲስኩን በሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪ። አንዱ ቢሮሽ ይቀመጥ፤ ሌላው ከግቢው ውጭ ይደር። ከዚያ ኮፒውን በሌላ ኮምፒውተር ክፈቺና የአምናን የአንድ ቀን ግራፍ አውጥተሽ እዪ። ይህን ሳታደርጊ ባክአፕ አለኝ ብለሽ አትተኚ።

አሁን መልሴን ፊት ለፊት ልንገርሽ። «ሁሉንም አውጪና ሰርቨሩን ዝጊ» በሚለው አልስማማም። ፋብሪካው ውስጥ አነስ ያለ፣ አዲስ ማሽን ላይ የተጫነ ሂስቶሪያን ይቅር። የቅርብ ጊዜውን፣ እንበል የ3 ወሩን መረጃ እሱ ይያዝ። ክላውዱ ኮፒውን ይቀበል፤ ለዓመታት ያቆይ፤ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት ዳሽቦርዳቸውን ከዚያ ይመልከቱ። የቦይለር ኦፕሬተሩ የሚያየው ትሬንድ፣ የንባቡ ግራፍ ማለቴ ነው፣ ግን ከግቢው መውጣት የለበትም።

ለምን? ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አንድ ኤክስካቫተር ፋይበሩን ሊቆርጠው ይችላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ መብረቁንና የመብራቱን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ። ኦፕሬተሩ ሌሊት የውሃው መጠን ሲወርድበት ያለፉትን 4 ሰዓታት መስመር አይቶ ነው የሚወስነው። ያ መስመር ኬፕታውን ወይም ጆሃንስበርግ ካለ ዳታ ሴንተር የሚመጣ ከሆነ፣ ኔትወርክ በሄደ ቁጥር ሰውየው ዓይኑ ይጠፋል። ፒኤልሲው፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር፣ ሥራውን ይቀጥላል፤ ስለ እሱ አልሰጋም። የምሰጋው ለሰውየው ነው።

እስቲ የሚያስፈልገውን የኔትወርክ መስመር እንቁጠር። 4 ሺህ ታግ በየሰከንዱ ቢመዘገብ፣ በቀን 86,400 ሰከንድ ስላለ፣ 345.6 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። ለሰዓቱ 8 ባይት፣ ለንባቡ 8 ባይት ብንይዝ በቀን 5.5 ጊጋባይት ገደማ ነው። በመስመር ሲታሰብ በሰከንድ 512 ኪሎቢት። ይህ አያስፈራም። ነገር ግን ብዙ ሰው እያንዳንዱን ነጥብ የታጉን ሙሉ ስምና ሰዓቱን በጽሑፍ አድርጎ፣ ጄሰን በሚባለው የጽሑፍ አቀራረብ፣ ይልከዋል። አንዱ ነጥብ 100 ባይት ሲሆን መስመሩ ወዲያው በሰከንድ 3.2 ሜጋቢት ይጠይቃል። ያው መረጃ ነው፤ ከስድስት እጥፍ በላይ አበጠ። ስለዚህ የሚልከውን ሶፍትዌር ስትመርጪ ነጥቦችን አጠራቅሞና ጨምቆ መላክ ይችል እንደሆነ ጠይቂ። ደግሞ ሁሉም ታግ በየሰከንዱ መመዝገብ የለበትም። የትልቅ ታንክ ሙቀት በ10 ሰከንድ አንዴ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያዩት ነገር አለ። የድሮ ሂስቶሪያኖች የተሠሩት ዲስክ ውድ በነበረበት ዘመን ነው። ቦታ የሚቆጥቡት በመጣል ነው። ለእያንዳንዱ ታግ «ከዚህ በታች ከተለወጠ አትመዝግብ» የሚል ወሰን ይቀመጥለታል፤ ዴድባንድ የምንለው። አሁን ነገሩ ተለውጧል። የፌስቡክ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ሥራ 16 ባይት የነበረውን ነጥብ በአማካይ ወደ 1.37 ባይት አውርደውታል፤ ያውም አንዲት ቁጥር ሳይጥሉ። ዛሬ ያሉት የዚህ ዓይነት ዳታቤዞች ብዙዎቹ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ዘዴ ይጠቀማሉ። ስለዚህ መጣል የግድ አይደለም።

ያንቺን ዴድባንዶች አንድ በአንድ እዪአቸው። አንድ ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ የፓስቸራይዘሩ ሙቀት ታግ 1 ዲግሪ ዴድባንድ ተቀምጦለት አግኝቻለሁ። ወተት በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ መቆየት አለበት። ሙቀቱ ወደ 71.3 ወርዶ ቢመለስ ያ ሂስቶሪያን አያውቀውም፤ ቀጥ ያለ መስመር ስሎ ያሳያል። ይህን ወደ ክላውድ ብትወስጂው የምትወስጂው ያንኑ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ያለፈው አይመለስም። የሚመጣውን ግን ከመሄድሽ በፊት ማስተካከል ትችያለሽ።

መስመሩ ሲቋረጥ መረጃው የት ይቆያል? ፋብሪካው ውስጥ ያለችው መላኪያ ኮምፒውተር ዲስኳ ላይ አጠራቅማ መስመሩ ሲመለስ መላክ አለባት። ሻጩ «አዎ፣ ይችላል» ይልሻል። አንቺ የኔትወርክ ገመዱን ንቀዪ። አንድ ሙሉ ሺፍት፣ 8 ሰዓት ይነቀል። ከዚያ መልሰሽ ሰክተሽ ሦስት ነገር ቁጠሪ፦ የቀረ ነጥብ አለ ወይ፣ ሁለቴ የገባ አለ ወይ፣ የተጠራቀመው ሲላክ የአሁኑ መረጃ ዘገየ ወይ። በመሐል የኮምፒውተሯን መብራት አጥፍተሽ አብሪ፤ ምክንያቱም እኛ ሀገር መስመርና መብራት ብዙ ጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት።

ሁለቴ የመግባቱን ነገር አትናቂው። ኤምኪውቲቲ የሚባለውን መላኪያ ሳትጠቀሚ አትቀሪም። እ.ኤ.አ. በ1999 የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል የተፈጠረ ነው፤ ለደካማ መስመር የተበጀ ስለሆነ እኔም እወደዋለሁ። ግን «ቢያንስ አንድ ጊዜ ይድረስ» በሚለው አሠራሩ አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል። የሙቀት ንባብ ሁለቴ ቢገባ ጉዳት የለውም። የጠርሙስ ቆጠራ ወይም የኪሎዋት ሰዓት ጭማሪ ሁለቴ ቢገባ ግን የወሩ ሪፖርት ይበላሻል። የታጉ ስምና ሰዓቱ አንድ ላይ የነጥቡ መለያ ቁልፍ ይሁኑ፤ ያው ነጥብ እንደገና ሲመጣ በላዩ ይጻፍበት እንጂ አይደመር። ዘግይቶ የገባ መረጃም አለ። እኩለ ሌሊት ላይ ተሰልቶ ያለቀ የቀን ድምር፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተጠራቀመው ሲደርስ እንደገና መሰላት አለበት። ይህን የሚያደርግ ነገር በዕቅድሽ ውስጥ ከሌለ አሁኑኑ ጨምሪው።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ፤ ሰዓት።

ከዓመታት በፊት አንድ ፋብሪካ ቦይለሩ ሌሊት ቆሞበት ተጠርቼ ሄድኩ። መረጃው ወደ ክላውድ መሄድ ከጀመረ ሁለት ወር ቢሆነው ነው። የሺፍቱ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጥቁር ሽፋን፣ ጥጉ የተበላ፣ ገጹ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት ያረፈበት። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ማክሰኞ ሌሊት 8፡20 ቦይለር ቁ. 2 ቆመ፣ ውሃ ዝቅ ብሎ» ይላል። የቦይለሩ ፒኤልሲ ደግሞ ረቡዕ 02፡14 ይላል። ክላውዱ ላይ ማክሰኞ 23፡14 ይላል። ሦስቱም አንድ ክስተት ናቸው።

ሌሊት 8፡20 ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር 02፡20 ነው፤ ለረቡዕ አጥቢያ። እኛ «ማክሰኞ ሌሊት» እንላለን፤ ኮምፒውተሩ ረቡዕ ይላል። የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መለኪያ 3 ሰዓት ስለሚቀድም ክላውዱ ላይ ተመልሶ ማክሰኞ ይሆናል፤ 23፡20። እስከዚህ ድረስ ልማድ ነው፤ ይታረቃል። ችግሩ ያቺ 6 ደቂቃ ናት። የቦይለሩ ፒኤልሲ ሰዓት 6 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። የውሃ ፓምፑ የሚታዘዘው ከሌላ ፒኤልሲ ነው፤ የእሱ ሰዓት ትክክል ነው። ፓምፑ የቆመው 23፡18 ላይ ነው። መረጃውን ከሩቅ ሆኖ የመረመረው ባለሙያ ቦይለሩ 23፡14፣ ፓምፑ 23፡18 ቆመ ብሎ አነበበ። ቦይለሩ ስለቆመ ፓምፑ ቆመ ብሎ ደመደመ። አንድ ሳምንት ሙሉ የቦይለሩ በርነር ሲፈታና ሲገጠም ከረመ። የተበላሸው ፓምፑ ነበር። ሌሊቱን ተረኛ የነበሩት አንጋፋ ኦፕሬተር በእጅ ሰዓታቸው አይተው የጻፉት ትክክል ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

መረጃው አንድ ክፍል ውስጥ ሳለ እንዲህ ያለ ስህተት ሰው ይሸፍነዋል። «የቦይለሩ ሰዓት ይዘገያል» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ክላውድ ላይ ሲወጣ ግን የሚያነቡት ያንን የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ እህቴ፣ ነገ ማስታወሻ ደብተር ያዢና በየፓነሉ እየዞርሽ የእያንዳንዱን ፒኤልሲ ሰዓት ከስልክሽ ጋር አመሳክሪ። ልዩነቱን ከነቀኑ ጻፊ። ፋብሪካው ውስጥ አንድ የሰዓት ሰርቨር ይኑር፤ ኢንተርኔት ባይኖርም የሚሠራ፣ ከጂፒኤስ ሰዓት የሚወስድ ቢሆን ይመረጣል። ሁሉም ፒኤልሲ ከእሱ ይውሰድ። መውሰድ የማይችሉት አሮጌዎቹ በስማቸው ተመዝግበው ይታወቁ። መረጃው ላይ የሚታተመው ሰዓት ንባቡ የተወሰደበት ይሁን እንጂ ክላውድ የደረሰበት አይሁን። ማከማቻው በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሁን። የሀገራችን ሰዓት አቆጣጠርና የእኛ ቀን መቁጠሪያ ስክሪኑና ሪፖርቱ ላይ ብቻ ይቀየሩ። ኦፕሬተሮቹ «ሌሊት 8፡20» ብለው ሲፈልጉ ያንኑ ማግኘት አለባቸው።

አንድ ምርመራ ደግሞ ልጨምርልሽ። ማሽኖቻችሁ ከአውሮፓ የመጡ ከሆነ የገጠሙት ሰዎች የሰርቨሩን ሰዓት በሀገራቸው ትተውት ሊሆን ይችላል። እዚያ በጋና ክረምት ሰዓት ይቀይራሉ፤ እኛ አንቀይርም። በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻውን እሑድ መረጃ አውጪ። አንድ ሰዓት ሁለቴ ተደግሞ ካገኘሽ፣ በማርች የመጨረሻው እሑድ ደግሞ አንድ ሰዓት ጎድሎ ካገኘሽ፣ 7ቱንም ዓመት ስትወስጂ ማረም ይኖርብሻል። ይህን ከወሰድሽ በኋላ ማረም በጣም ከባድ ነው።

ከሰዓት ቀጥሎ የታጎቹ ትርጉም ነው። ስማቸው ብቻውን አይበቃም። ከ4 ሺሁ ታግ ውስጥ ስንቱ መግለጫ አለው? ስንቱስ የተነቀለ ሴንሰር ነው? ይህን ኮምፒውተር አይነግርሽም። ከኤሌክትሪሺያኖቹና ከነባሮቹ ኦፕሬተሮች ጋር ቡና ይዘሽ ቁጭ በዪ።

መለኪያውን በተለይ አጣሪ። የእናንተ ከተማ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት 0.72 ባር ገደማ ነው፤ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የግፊት ታግሽ «0.2 ባር» ሲል ከአየሩ ግፊት በላይ ያለውን ነው ወይስ ጠቅላላውን? እንበል ከውሃው ውስጥ ኦክስጅን የሚያስወጣው ታንክ ላይ ያለ ነው፤ ከአየሩ በላይ ያለውን የሚለካ። እዚህ ያለው ሰው 0.72 ይጨምርና እንፋሎቱ 97 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ያውቃል። ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ክላውድ ላይ ስሌት የሚጽፍ ሰው ግን በልማዱ 1.01 ይጨምርና 105 ይላል። ከዚያ የሙቀት ሴንሰራችሁ 8 ዲግሪ ተሳስቷል፣ ቀይሩት የሚል ማስጠንቀቂያ በየቀኑ ይልክላችኋል። ሴንሰሩ ደህና ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የግፊት ታግ ጋር ዓይነቱን፣ ከፋብሪካው ጋር ደግሞ የአየሩን ግፊት መዝግቢ።

የድሮውን መረጃ በተመለከተ፣ በኤክሴል አውጥተሽ አትውሰጂ። ብዙ ጊዜ እዚያ የሚመጣው በእኩል ርቀት ተሰልቶ የተሞላ ቁጥር ነው እንጂ የተመዘገበው አይደለም። ጥሬውን አውጪ። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጋር «ደህና» ወይም «መጥፎ» የሚል ምልክት አለ፤ እሱም አብሮ ይሂድ። ያለዚያ ሴንሰሩ ተነቅሎ ዜሮ ያለበት ቀን እውነተኛ ዜሮ ይመስላል። ጥሬው 600 ጊጋባይት ቢሆን፣ በሰከንድ 1 ሜጋባይት በምትሰጥ መስመር 7 ቀንና ሌሊት ይፈጃል። በየሌሊቱ ለ6 ሰዓት ብቻ ከተፈቀደልሽ 28 ሌሊት። በሃርድ ዲስክ አዲስ አበባ ወስዶ ከተሻለ መስመር መላክ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ሲደርስ በየታጉና በየቀኑ የነጥቡን ብዛት፣ ትንሹን፣ ትልቁን፣ ድምሩን ከምንጩ ጋር አስተያዪ። በግራፍ ዓይተሽ «ይመሳሰላል» አትበዪ።

ደኅንነቱ ላይ አጭር ልሁን። መስመሩ ሁልጊዜ ከፋብሪካው ወደ ውጭ ይከፈት እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አይከፈት። በማሽኖቹ ኔትወርክና በቢሮው መካከል ራሱን የቻለ መሸጋገሪያ ኔትወርክ ይኑር፤ መላኪያ ኮምፒውተሯ እዚያ ትቀመጥ። ማሽኖችና ሶፍትዌሮች መረጃ የሚለዋወጡበት የድሮው ኦፒሲ በፋየርዎል ውስጥ ብዙ በር አስከፋች ነው፤ ከተቻለ ወደ አዲሱ፣ ወደ ኦፒሲ ዩኤ ተሻገሪ። «ለጊዜው» ተብሎ የተከፈተ በር ዓመታት ሲቆይ አይቻለሁ።

ገንዘቡን ደግሞ አለቆችሽ ራሳቸው እንዲያስቡት አድርጊ። የክላውድ ሂሳብ በየወሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ በብር የተያዘ በጀት ዓመቱን ሙሉ ላይበቃ ይችላል። ማስገባት ብዙ ጊዜ ነፃ ነው፤ ማውጣት ያስከፍላል። የ7 ዓመቱን መረጃ አንድ ቀን ልውሰድ ብትሉ ስንት እንደሚመጣ ከመግባታችሁ በፊት አስሉት። ሀገር ውስጥ ያሉ ዳታ ሴንተሮችንም ዋጋ ጠይቂ።

የ3 ወሩን ቃል በተመለከተ፣ ሁሉንም እጨርሳለሁ ብለሽ ቃል አትግቢ። እንዲህ በያቸው፦ «በ3 ወር የቦይለር ክፍሉን 200 ታግ ሰዓቱ ተስተካክሎ፣ ትርጉሙ ተጽፎ፣ ገመድ ተነቅሎ ተፈትኖ ክላውድ ላይ አሳያችኋለሁ። የቀረውን በየክፍሉ እቀጥላለሁ።» የቦይለር ክፍሉን የመረጥኩልሽ ኦፕሬተሮቹ ሌሊትም ስለማይጠፉ ነው፤ ስህተት ሲኖር ቶሎ ይነግሩሻል። አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ቢያንስ አንድ የወር ሪፖርት ከሁለቱም ወጥቶ እስኪመሳከር። ማመሳከሪያውን ማሽኖቹ ለጥገና በቆሙበት ሳምንት አታድርጊው፤ ሁሉም ታግ ቀጥ ብሎ ስለሚተኛ ስህተቱ አይታይም።

አሮጌውን ሰርቨር ያን ጊዜም አትዝጊው። ዲስኩን ለውጠሽ፣ ከኔትወርክ ነቅለሽ፣ አንድ ዓመት ጥግ ላይ አቆዪው። የፓነሎቹን ሰዓት ዝርዝር ስትጨርሺ ደግሞ ላኪልኝ፤ የትኛው ወደ ኋላ እንደቀረ አብረን እናያለን።